ለማን ብዬ ዘመርሁ

ጎሽ ሜዳ ጊዮርጊስ፣ ታች ጋይንት
ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለቀኝ ጌታ ሥዩም፣ አዲስ አበባ።

ከክረምቱ ጭቃ እስከ ጥቅምቱ ውርጭ አንተን ያላሰብሁበት ቀን የለም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ እርሻና ልጆች ያስረሱኛል። ባሰብሁህ ቀን ግን ከልቤ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ሐረገ ወይንም ደህና ናት፣ ሰላም በልልኝ ብላለች። ገብሱ ዘንድሮ ያምራል፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

ደብዳቤህን የጨው ነጋዴው ንጉሴ አርብ ገበያ ላይ ሰጠኝ። ከአሞሌው ጋራ አስሮ ስላመጣው ወረቀቱ ጨው ጨው ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ቃል ጣዕም አለው ብዬ ለሐረገ ወይን ብነግራት ሳቀች። ነገ ደግሞ አርብ ነውና ይህንን ለዚያው ለንጉሴ እሰጠዋለሁ።

ጥያቄህን በተራ ልመልስ። አዎ፣ የኔታ ፈንታ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ግን ከሐምሌ ወዲህ ጨርሶ ጠፍቷል። እሳቸው ግድ የላቸውም፤ ድጓው ያለው ከሆዴ ነው፣ ዓይን ለመንገድ ነው ይላሉ። ተማሪ ዜማ ሲስት ዛሬም በዘንጋቸው መሬት ይመታሉ። የደከመው ጉሮሯቸው ነው። በእኛ ጊዜ ሠላሳ የነበረው ተማሪ አሁን ዘጠኝ ቀርቷል። ያቺ አንተና እኔ የኖርንባት ጎጆ ፈርሳለች፤ ምሰሶዋ ብቻ ቆሟል፤ በቢላ የቀረጽኸው ስምህ አሁንም ይነበባል።

ሁለተኛው ጥያቄህ አስገርሞኛል። አሁንም ትዘምራለህ ወይ ትለኛለህ። ሥዩም፣ ከሰው ሁሉ አንተ ይህን ትጠይቀኛለህ? በ1938 ጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ አጠገቤ ነበርህ። የገዥው ባለቤት ወይዘሮ ተዋበች ዜማዬን ሰምተው ከበቅሏቸው ወርደው በሕዝብ ፊት ካባ ሲያለብሱኝ መቋሚያዬን የያዝህልኝ አንተ ነህ። ከዚያ አዲስ አበባ ገባህና በሰኔ ጻፍህልኝ። «ይርዳው ሆይ፣ ካባውን ከለበስህ ወዲህ የምትዘምረው ለማን ነው? ለሰማዩ ጌታ ነው ወይስ ለበቅሎዋ ባለቤት?» አልኸኝ። ራሴን ብመረምር እንዳልኸው ሆኖ አገኘሁት። ስዘምር በዓይኔ ጠርዝ ማን እንደሚያየኝ አይ ነበር። ካባውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፣ መቋሚያዬን ከማገሩ ላይ ሰቀልሁ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌላው ሲዘምር ቆሜ እሰማለሁ። ደብዳቤህን ከዳዊቴ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስላነበብሁት እጥፋቱ ተበጥሷል።

አሁን የምጽፍልህ ለዚሁ ነገር ነው። የኔታ የማስተማሪያ ወንበራቸውን እንድረከብ ይፈልጋሉ። እስከ ጥምቀት መልስ ስጠኝ ብለውኛል። እምቢ ካልሁ ዘጠኙም ወደ ሌላ ደብር ይሄዳሉ፤ ስድሳ ዓመት የቆየ ጉባኤ ይታጠፋል። እሺ ካልሁ ደግሞ ያ የገደልሁት ክፉ ነገር በውስጤ እንዳይነሣ እፈራለሁ። ያኔ ዝም ያሰኘኸኝ አንተ ነህና አሁንም አንተ ፍረደኝ። ወንበሩን ብይዝ ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለስሜ? ልቤን ከእኔ ይልቅ ታውቀው ነበር። እንደምትለኝ አደርጋለሁ።

ወንድምህ ይርዳው

አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተወደድህና ለተከበርህ ወንድሜ ለመሪጌታ ይርዳው፤

ሰላምታዬ ከጊዮርጊስ ጽድ ሥር ተነሥቶ የቤትህን ደጃፍ ይርገጥ፤ እመት ሐረገ ወይንን፣ ልጆቻችሁን፣ በሬዎቻችሁን ሳይቀር እጅ ይንሣ። የየኔታን ጉልበት በእኔ ስም ሳምልኝ። የዓይናቸው ነገር አሳዘነኝ። እነዚያ ዓይኖች በብራና ላይ የሳትሁትን አንዲት ፊደል ከሦስት ክንድ ርቀት ያዩ ነበር።

ንጉሴ በቃል የላክህብኝን ነግሮኛል። ስምንት ዓመት ሳትጽፍ ቆይተህ ዘንድሮ ምን ታየህ ብለሃል አሉ። ይቅርታህን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል አታምነኝም፤ ስለዚህ አልልም። እርጅና ወደ ኋላ ያሳያል ልበልህና ይብቃኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደብሩ ትልቅ ነው፤ ሕዝቡ ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት የድምፅ ማጉያ ተክለውልናል። በእርሱ ስዘምር የገዛ ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ይህ ማነው አልሁ። ያንተ ድምፅ ማጉያ ሳይኖረው ከጊዮርጊስ እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማ እንደነበር ለባልደረቦቼ ነገርኋቸው፤ አላመኑኝም።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ባቄላ ሲቆላ ሸተተኝና በሐሳቤ ተማሪ ቤት ገባሁ። የእመት ሙሉነሽን ደጅ ታስታውሳለህ? ያ ቡላ ውሻዋ እኔን ሲያይ አኩፋዳዬን ሊቦጭቅ ይመጣ ነበር። አንተ ግን ገና «በእንተ ስማ ለማርያም» ስትል ጭራውን አጥፎ ይተኛል። ለእኔ ቁራሽ፣ ለአንተ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ ትሰጥ ነበር። ከዚያ ከወንዙ ዳር ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሁልጊዜ እኩል ታካፍለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ የእኔ ነው አላልህም። ያንን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አብረን የጻፍናቸውን ሁለት መጻሕፍትም አልረሳሁም። ፊደሉን እኔ ስጽፍ፣ የዜማውን ምልክት አንተ ስታስቀምጥ፣ ሦስት ክረምት ፈጀብን። ስንለያይ ዕጣ ጣልን፤ ድጓው ለአንተ፣ ጾመ ድጓው ለእኔ ወጣ። በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ እገልጠዋለሁ። ከእኔ ፊደል በላይ የአንተ ምልክት አለ። ገጹን ባየሁ ቁጥር ድምፅህ ይሰማኛል።

ስለ ወንበሩ የጠየቅኸኝ ከባድ ነገር ነው። ጥቂት ጊዜ ስጠኝ። አንተም ጸልይበት። የሰው ልብ ጥልቅ ነው፤ ከዳር ቆሞ ይህ ነው ማለት ያስፈራል። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ያን የድሮ ደብዳቤዬን አቃጥለው። ወጣት ሳለሁ በጥድፊያ የጻፍሁት ነው፤ ግዕዙም የተጣመመ ነበር።

ወንድምህ ሥዩም

ጎሽ ሜዳ ጊዮርጊስ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለቀኝ ጌታ ሥዩም፤

እንደምን ከርመሃል። እኛ አጨዳ ላይ ነን። ጣቴ በማጭድ ስለ ተቆረጠ ፊደሌ ቢጣመም አትፍረድብኝ። ግዕዜ ግን አይጣመምም፤ የምጽፈው በአማርኛ ነውና። ያንተም የድሮ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው፤ አንድ የግዕዝ ቃል የለበትም። ግዕዙ ተጣሟል ያልኸውን ሳነብ ከዳዊቴ አውጥቼ እንደገና አየሁት። ሥዩም፣ አንተ የጻፍኸውን ቃል ረስተህ አታውቅም። ይህን ምን ልበለው? አላቃጠልሁትም።

የኔታ አንተ እንደ ጠየቅኸው ጊዜ አይሰጡም። ትናንት የተማሪውን ራስ በእጃቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ ስምንት ሆኗል። አንዱ ወደ ንፋስ መውጫ ሄዶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቷል። አልፈረድሁበትም። የሚያስቀጽለው፣ ዜማ እየነገረ የሚያስጠናው የሌለው ተማሪ ምን ይጠብቃል?

እኔም አንተ እስክትመልስ ብዬ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። ልቤን መረመርሁ። ወንበሩን ልያዝ ስል ጥምጥሜን አሳምሬ ጠምጥሜ፣ ሰው ሁሉ ሲነሣልኝ አየሁ። ደስ አለኝ። እንግዲያው ለስሜ ነው፣ ይቅርብኝ አልሁ። ይቅርብኝ ስል ደግሞ ሰዎች ሹመት የናቀ፣ ትሑት ሰው ሲሉኝ ሰማሁ። ይህም ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ከፊተኛው ይበልጥ ደስ አለኝ። ወደዚህም ብል ወደዚያም ብል ያው ምስጋና ወዳድ ሰውዬ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደከመኝ። ሦስት ሳምንት ከቅዳሴ ቀርቼ ነበር። ለታይታ እንዳይሆንብኝ ብዬ ከቤት መጸለይ ጀመርሁ፤ ከዚያም ቤት የቀረሁት ትሕትናዬ እንዲወራልኝ እንዳይሆን ብዬ እርሱንም ተጠራጠርሁት።

ይህን ሁሉ ለሐረገ ወይን ነገርኋት። አውድማውን በእበት እየለቀለቀች ነበር። እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ሰው፣ ገብሱን ስናጭድ ከነገለባው ነው። ገለባ አለበት ብሎ ማሳው ላይ የተወው ገበሬ አይቼ አላውቅም። አንተ እጨድ፣ ውቃ። የሚለየው ነፋሱ ነው። ነፋሱ ደግሞ ያንተ አይደለም።» ከዚያ ውሃ አምጣ ብላ ላከችኝ።

ውሃውን አመጣሁላት። ነገሩ ግን ውሃ ስቀዳም ገብስ ስሸከምም አልለቀቀኝም። እርሷ የምታውቀው እርሻ ነው፣ እኔ የምፈራው ነፍሴን ነው ልል ነበር፤ አላልሁም። የስድሳ ዓመቱን ጉባኤ ሳስብ፣ እነዚያን ስምንቱን ሳይ፣ እንደ ልጅነቴ አፌን ከፍቼ ልዘምር እላለሁ። ከዚያ ያንተ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል፤ አፌን እዘጋለሁ።

ስለዚህ ወንበሩን ተወውና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የእኔን ልብ ሳይሆን የአንተን። ያን ደብዳቤ በጻፍህ ቀን በልብህ የነበረው ምንድን ነው? ጥምቀት ሃያ አምስት ቀን ቀርቶታል።

ይርዳው

አዲስ አበባ
ጥር 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይርዳው ወንድሜ፤

ሰላምታ አላበዛም። ዛሬ ሰላምታ ካበዛሁ ከኋላው እደበቃለሁ።

ያን ደብዳቤ የጻፍሁት ቀንቼብህ ነው።

ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ ከልደት በዓል ጀምሮ አምስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በአንዱ በወጣትነቴ አልሁ፣ በሌላው ሰይጣን አሳስቶኝ አልሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም መሸሸጊያ ናቸው። እኔ ነኝ የጻፍሁት። አውቄ ነው የጻፍሁት።

መቋሚያዬን ያዝህልኝ ብለሃል። አዎ፣ ያዝሁልህ። ወይዘሮ ተዋበች ካባውን በትከሻህ ላይ ሲያስተካክሉ፣ ያን መቋሚያ በጉልበቴ ሰብሬ ወንዝ ልጥለው ተመኘሁ። እኔስ አልዘመርሁም? በቀኝ በኩል ቆሜ፣ አንተ ስታነሣ እየተቀበልሁ፣ እኩል አልዘመርሁም? እኔን ማን አየኝ? ጽሕፈትህ ያምራል ይሉኛል፤ ብራና ማን ያዳምጣል? እመት ሙሉነሽ ያን ሙሉ እንጀራ ስትሰጥህ፣ አንተም ከድንጋዩ ላይ እኩል ስትቆርስልኝ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ አንድ ነገር ስውጥ ኖሬያለሁ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነፍገኝ እል ነበር። ንፉግ ብትሆን ልጠላህ ይቀለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አለፈ መስሎኝ ነበር። በግንቦት አንድ የጋይንት ሰው መጣና ይርዳው ሲዘምር ሰው ያለቅሳል ብሎ አወራ። በሳምንቱ ጻፍሁልህ። የጻፍሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ውዳሴ ከንቱ ክፉ ነው፣ ልብን መመርመር ተገቢ ነው። አንድ ሐሰት ቃል የለበትም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። በእውነት ነው የወጋሁህ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለወንድሜ ነፍስ ተቆርቁሬ ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። ባለፈው ነሐሴ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ስለ አንተ እንደ በጎ ሥራ አወራኋቸው፤ አንድ ወንድሜን ከውዳሴ ከንቱ አዳንሁት አልሁ። እሳቸውም ገበሬ የሚመስሉ ዝምተኛ መነኩሴ ናቸው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «መዝሙሩን ተወ የሚል ወሬ የደረሰህ ቀን ምን ተሰማህ?» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ያን ቀን ደስ አለኝ ይርዳው። ቤቴ ገብቼ እስኪበቃኝ ዘመርሁ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የጻፍሁልህ ለዚህ ነው። አሁንም ትዘምራለህ ወይ ብዬ የጠየቅሁህ፣ እዘምራለሁ ብትለኝ ምንም ሳልናገር ለመቅረት ነበር። ከዚያም አቃጥለው አልሁህ፤ ማስረጃውን ለማጥፋት ነው። እንግዲህ ልቤ ይህ ነው።

ይህንንስ ለምን እጽፋለሁ? አንተን ለመፍታት ነው ወይስ እኔ እንዲቀለኝ? አላውቅም። ምናልባት ይቅር ብለኸኝ እፎይ እንድል ብቻ ይሆናል። ለይቼ እስካውቀው ብጠብቅ ጥምቀት ያልፋል፤ ስለዚህ እንዳለ ተቀበለው። ወንበሩን ያዝ ልልህ እፈልጋለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ከእኔ ምክር አትውሰድ።

ሥዩም

ጎሽ ሜዳ ጊዮርጊስ
የካቲት 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለሥዩም፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር 21 ቀን አርብ ገበያ ላይ ነው። ጥምቀት አልፎ ነበር። ንጉሴ መንገድ ላይ በቅሎው አንክሳበት ዘግይቷል፤ እርሱን አትውቀሰው። ይህን መልስ ለመጻፍ አንድ ወር የፈጀብኝ ግን እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ስላዘንሁ፣ ከዚያ ስለ ተናደድሁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትንሽ አይደለም ሥዩም። አባቴን ስቀብር እንኳ አፌን አልከፈትሁም። ስድቤን ጽፌ ጨርሼ ለሐረገ ወይን አነበብሁላት። መልካም ስድብ ነው፣ አሁን ደግሞ እውነቱን ጻፍለት አለችኝ።

እውነቱ ይህ ነው። አውቄ ነበር። ደብዳቤህን የተቀበልሁ ቀን አወቅሁ። አንተ በሦስት ክረምት አንድ ነጠብጣብ ቀለም ብራና ላይ ጥለህ የማታውቅ ሰው፣ በዚያች አንዲት ገጽ ላይ ሦስት ቦታ ቀለም ፈሶብሃል። የቅናት እጅ ነው አልሁ፤ ካባውን ስለብስም ፊትህን አይቼዋለሁ። እንግዲያው ለምን ታዘዝሁህ? አንተ ከጻፍህልኝ በኋላ አንድ እሑድ ጉሮሮዬን አሞኝ ዝም አልሁ። ሰዎች ያን የመሰለ ድምፅ ይዞ ዝም አለ፣ እንዴት ያለ ትሑት ነው ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ካባው ከትከሻዬ ላይ ነበር፤ ይህ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ስዘምር በዓመት አንድ ቀን ነበር የምመሰገነው፤ ዝም ብል በየሳምንቱ ነው። አንተ ገመዱን ወረወርህ፤ አንገቴን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። አንተ ለማን ትዘምራለህ አልኸኝ፤ ለማን ዝም ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አሁን ስለ ጥምቀት ልንገርህ፤ ይህን ሳትሰማ መቅረት የለብህም። ለየኔታ መልስ ሳልሰጥ ቀኑ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ ታቦቱ ሲመለስ፣ ከወንዙ ወደ ላይ ስንወጣ፣ ያቺ እንጀራ የምንቆርስባት ድንጋይ አጠገብ የኔታ ዜማ አነሡ። ሁለት ተማሪ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ነበር። ሦስተኛው ቃል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ደገሙት፤ እንደገና ተቆረጠ። ተማሪዎቹ ያን ዜማ ገና አልደረሱበትም። ከበሮ መቺዎቹ ቆሙ። ሕዝቡ ቆመ። የኔታ ባዶ ዓይናቸውን ወዲህ ወዲያ ሲያዞሩ አየሁ፤ የሚቀበላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ልቤን አልመረመርሁም። ጊዜ አልነበረም። ተቀበልኋቸው።

ድምፄ እንደ ድሮው እንዳይመስልህ። ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ይመስላል። ቦጋለች፣ የእመት ሙሉነሽ ልጅ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው ብላ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሁለት መስመር እስክዘልቅ እኔም ራሴን አላስታወስሁም። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮዬ ጥቂት ተፈታ፤ ሰውም ዝም አለ። ያን ጊዜ መጣ። ያው የድሮው ሰውዬ መጣ። እየሰሙህ ነው አለኝ። ደስ አለኝ ሥዩም፤ አልዋሽህም። ከዚህ በፊት ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር። ያን ዕለት ግን ከመጣህ ተቀመጥ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ አልሁትና ቀጠልሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስክንደርስ አብሮኝ ተጓዘ። ታቦቱ ሲገባ የት እንደ ቀረ አላየሁም። ነገ ደግሞ ይመጣ ይሆናል።

የኔታ ምንም አላመሰገኑኝም። በማግሥቱ ጠሩኝና ሁለተኛው መስመር ላይ ስተሃል ብለው ዘንጋቸውን መሬት መቱ። ከዚያ ዘንጉን ለእኔ ሰጡኝ። አሁን ተማሪው አሥራ አንድ ነው፤ ያ ንፋስ መውጫ የሄደውም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።

ስለ ይቅርታ ጠይቀሃል። ይፍታህ ማለት የካህን ነው፤ የእኔ እንዲህ ነው፦ እኩል እንካፈለው። ግማሹ ያንተ ጥፋት ነው፣ ግማሹ የእኔ። እንደ ድሮው ከድንጋዩ ላይ ቆርሼልሃለሁ። ዛሬ ቅበላ ነው፤ ነገ ጾሙ ይገባል። ከበሮና ጸናጽል ይሰቀላል፤ ድምፅ የሚደበቅበት ነገር አይኖርም። ጾመ ድጓውም ያለው ከአንተ ዘንድ ነው፤ እኛ በቃል እየገመትን ነው። ትናንት ከምሽቱ በፊት ስናጠና የኔታ አስቆሙኝና ያዳምጡ ጀመር። «የግራው ደህና ነው፤ የቀኙ ቦታ ባዶ ነው። የሥዩም ቦታ ነው እኮ» አሉ። የሚሉትን ጻፍሁልህ። ከዚህ በላይ አልልም።

ወንድምህ ይርዳው

ደሴ
መጋቢት 13 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይርዳው ወንድሜ፤

ይህን የምጽፍልህ ከደሴ ነው። በጭነት መኪና እዚህ ድረስ ደረስሁ። ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። እግሬ ስላበጠ ሁለት ቀን አርፋለሁ፤ ደብዳቤውን ዛሬ በቅሎ ይዞ ለሚነሣ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ይቀድመኛል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለገብርኄር እሑድ እደርሳለሁ። ጾመ ድጓው በደረቴ ነው፤ በሰም ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ለደብሩ አለቃ ፈቃድ ስጠይቅ ለምን ትሄዳለህ አሉኝ። የታመሙ መምህር አሉኝ አልሁ። እውነት ነው። ወንድሜን ልክስ ነው ማለትም እውነት ነበር። በዚያ ድምፅ አጠገብ አንድ ጊዜ ቆሜ ልዘምር ነው ብልም እውነት ነው። እግሬ ካበጠ ወዲህ ደግሞ፣ ከአዲስ አበባ በእግሩ መጣ ይሉኛል የሚል ነገር ውስጤ ሹክ አለኝ፤ ግማሹን በመኪና እንደ መጣሁ እያወቅሁ። ሳቅሁበት። አሁን አብሮኝ ይመጣል፤ ያንተን ሰውዬና የእኔን ሰውዬ እዚያ እናስተዋውቃቸዋለን።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። መምጣቴን ለየኔታ አትንገራቸው። ከሰሙ ያመሰግኑኛል፤ ምስጋናውን እወድደዋለሁና ይቅርብኝ።

ደብዳቤውን አጥፌ ከሰጠሁ በኋላ ይህን ልጨምርበት ተመልሼ ወሰድሁት። ንገራቸው። ዛሬውኑ ንገራቸው። እኔ እስክደርስ ቦታው ባዶ እየመሰላቸው አንድ ቀን እንኳ እንዳያድሩ።

ሥዩም